እኛስ እንፈተን፤ ፈታኙንስ ማን ይፈትነው?



ሰሞኑን ማታ ማታ ቤቴ ውስጥ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁለት ተፈታኞች እንቀመጣለን። አንደኛዋ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ናት። ሁለተኛው እኔ አባቷ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሃያኛ ዓመቴን የያዝኩት ባለሙያ ነኝ። እርሷ የፊዚክስ ቀመር ትሸመድዳለች፤ እኔ «ራዕይ»ን ከ«ተልዕኮ»፣ «ግብ»ን ከ«ዓላማ» የሚለየውን ዐረፍተ ነገር እሸመድዳለሁ። ትናንት ማታ ከደብተሯ ቀና አለችና «አባዬ፣ አንተ ሥራ ይዘህ የለ እንዴ? ደግሞ ምን ያስፈትንሃል?» አለችኝ። ለልጅ የሚሆን አጭር መልስ አጣሁላት። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ያንን መልስ ፍለጋ ነው።

ዘመኑ የፈተና ዘመን ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ሲደረግ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015ቱ ፈተና ቁጥሩ 3.2 በመቶ ሆነ። ከዚያው ዓመት ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና መጣበት። በ2016 ዓ.ም. ተራው የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሠራተኞችና አመራሮች ሆነና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለብቃት ምዘና ተቀመጡ፤ ብዙዎችም የማለፊያውን ነጥብ እንዳላገኙ በይፋ ተነገረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ጸደቀ። ከዚያ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር የሚወራው ወሬ አንድ ነው፤ «የእኛስ መቼ ነው?»

የእኛም ደረሰ። ከሦስት ሳምንት በፊት የሰው ኃይል ክፍላችን አንዲት ቅጠል ወረቀት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈ። ሠራተኞች በሙሉ ለብቃት መመዘኛ ፈተና እንድንዘጋጅ ታዘናል። የፈተናው ቀን አልተጻፈም። ጥያቄው ከየትኛው አዋጅ፣ ከየትኛው መመሪያ፣ ከየትኛው የሙያ ዘርፍ እንደሚወጣ አልተጻፈም። የማለፊያው ነጥብ አልተጻፈም። የወደቀ ሰው ምን እንደሚደረግም አልተጻፈም። በወረቀቱ ላይ በግልጽ የሚነበበው ፊርማውና ክብ ማኅተሙ ነው።

ዝግጅታችን

እንግዲህ ምን እንደሚጠየቅ ያልተነገረው ሰው እንዴት ይዘጋጃል? እንደ እኛ ነዋ! ከመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ በዝቶበታል። አንዱ «ሌላ ቦታ የወጣ ጥያቄ ነው» ብሎ አርባ ገጽ ያባዛል፤ ሌላው ሦስት አዋጅና አምስት መመሪያ አስጠርዞ በብብቱ ይዞ ይዞራል። በቴሌግራም ከቡድን ወደ ቡድን የሚዘዋወረው «ሞጁል» ማን እንዳዘጋጀው የሚያውቅ የለም። ባለፈው ሳምንት ያንኑ ጥያቄ በሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ላይ አገኘሁት፤ በአንደኛው ትክክለኛው መልስ «ሐ» ነው፣ በሌላኛው «መ» ነው። የምሳ ሰዓት ጨዋታችን ተለውጧል። ቀድሞ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ጤፍ ዋጋ እናወራ የነበርን ሰዎች አሁን «የመልካም አስተዳደር መርሆዎች ስንት ናቸው?» ተባብለን እንጠያየቃለን። ስምንት የሚል አለ፣ ዘጠኝ የሚል አለ፤ በዚሁ የተኮራረፉ ሁለት ጎልማሶች አውቃለሁ።

ነገሩ የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን አያስቅም። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ባለጉዳይ ሲመጣ ከመሳቢያችን የምንከተው ፋይል ሳይሆን የጥናት ወረቀታችንን ነው። አገልግሎትን ያሻሽላል የተባለው ፈተና ገና ሳይሰጥ አገልግሎቱን አቀዝቅዞታል። በአንድ መስኮት ፊት ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ውስጥ ያለው ሠራተኛ «ግልጸኝነትና ተጠያቂነት» የሚለውን ርዕስ እያጠና መሆኑን ቢያውቅ ምን ይል ይሆን?

ሕዝቡ ቢደሰትስ ማን ይፈርድበታል?

ፈተና ለምን መጣብን ብሎ የሚያለቅስ ጽሑፍ የጠበቀ አንባቢ ቢኖር እዚህ ላይ ይለየኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ሊፈተን ነው የተባለ ዕለት በታክሲ ውስጥ የሰማሁት «ይበላቸው!» የሚል ቃል ነው። የተናገሩትን ሴትዮ አልተቀየምኳቸውም። እኒያ ሴትዮ «ነገ ይመለሱ» ተብለው ሦስት ጊዜ ተመልሰው ይሆናል። «ሲስተም የለም» ተብለው ጥላቸውን ተደግፈው ውለው ይሆናል። እጃቸው ውስጥ የታጠፈ ብር ካላዩ ቀና የማይሉ ዓይኖች ገጥመዋቸው ይሆናል። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በሕዝብ ልብ ውስጥ ያለን ቦታ ምን ያህል እንደሆነ ለራሳችን ካልዋሸን በስተቀር እናውቀዋለን።

አቅም ያጣ ሠራተኛ በመካከላችን መኖሩንም አልክድም። ቀላል ደብዳቤ ማርቀቅ የማይችል ባለሙያ አይቻለሁ። ያስተዳድረዋል የተባለውን መመሪያ አንድ ቀን ገልጦ ያላነበበ ቡድን መሪ አይቻለሁ። ስለዚህ ክርክሬ «አንፈተን» የሚል አይደለም። ክርክሬ ይህ ፈተና የተተከለበት ቦታ ትክክል አይደለም የሚል ነው። ፈተና በበር ላይ ሲቆም ዳኛ ነው። ሰውየው ገብቶ ሃያ ዓመት ከተቀመጠ በኋላ፣ ያውም ሕጉ ሳይነገረው፣ ከወንበሩ ሥር ሲመጣበት ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

ፈተና ለምን ተፈጠረ?

በአገራችን መንግሥት ቤት መግባት ለረጅም ዘመን የሚታወቀው በደጅ ጥናት ነው። ሥራ ፈላጊው ከባለሥልጣኑ ደጅ ይቆማል፤ ጌታው ሲወጡ እጅ ይነሳል፤ ሲገቡ እጅ ይነሳል፤ አንድ ቀን ዓይናቸው ካረፈበት እንጀራ ያገኛል። እንጀራውን ያገኘው ከጌታው ነውና ታማኝነቱም ለጌታው ነው። ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የመንግሥት ሥራ ለዘመድና ለወዳጅ ልጅ የሚሰጥ ስጦታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 ኖርዝኮትና ትሬቨልያን የተባሉ ሁለት ሰዎች ባቀረቡት ዘገባ ቅጥር በግልጽ ውድድር ፈተና፣ ዕድገትም በችሎታ እንዲሆን መከሩ፤ ግልጽ ውድድሩ ሥር የያዘው ከ1870 ወዲህ ነው። በአሜሪካም ያሸነፈ ፓርቲ ሥራውን ሁሉ ለደጋፊዎቹ ያከፋፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1881 ሹመት የጠየቀና የተነፈገ አንድ ደጅ ጠኚ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን በሽጉጥ መታቸውና ሞቱ። በሁለተኛው ዓመት፣ በ1883፣ የፔንድልተን ሕግ ወጣ። ሕጉ መጀመሪያ የሸፈነው ከፌዴራል ሥራዎች አንድ አሥረኛ ያህሉን ብቻ ቢሆንም ሁለት ነገር አንድ ላይ አሰረ፤ በፈተና ትገባለህ፣ በፖለቲካ ምክንያት አትባረርም።

ልብ በሉልኝ! ፈተናው ሠራተኛውን ከሹመኛው መዳፍ ያወጣ ጋሻ ነበር። በፈተና የገባ ሰው «ይህ ከሕግ ውጭ ነውና አልፈርምም» ብሎ ለአለቃው መናገር የሚችለው እንጀራውን ከአለቃው ስላላገኘው ነው።

የእኛም አገር ሕግ ይህን አያውቅም አይባልም። የመንግሥት ሠራተኞችን አስተዳደር በአንድ የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በትእዛዝ የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሥርዓት መጣ ሥርዓት ሄደ፤ አዋጅ ቁጥር 515/1999 ተተካ፣ አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መጣ። ሁለቱም አዋጆች ክፍት የሥራ መደብ የሚሞላው ለቦታው የሚፈለገውን ችሎታ ባሟላና ተወዳድሮ ብልጫ ባገኘ ሰው እንደሆነ ይደነግጉ ነበር። በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት ልዩነት ማድረግም ክልክል ነበር። አዲስ ተቀጣሪ የስድስት ወር የሙከራ ጊዜ ነበረበት። ቋሚ ከሆነ በኋላም በየዓመቱ ሁለት ጊዜ የሥራ አፈጻጸሙ ይመዘን ነበር። በወረቀት ላይ ከታየ ይህ ሦስት ወንፊት ነው። በሦስት ወንፊት ያለፈ ዱቄት እንዴት እንክርዳድ ሞላበት?

ከሳሹ በራሱ ላይ ሲመሰክር

አሁን ወደ ነገሩ ሥር ደረስን። መንግሥት «ሠራተኞቼን ፈትኜ ብዙዎቹ ወደቁብኝ» ሲል ከሁለት አንዱን እየተናገረ ነው። ወይ ትናንት በሦስት ወንፊት ነፋሁ ያለው ውሸት ነበር፤ ወይ ዛሬ የሚሰጠው ፈተና ሥራውን አይለካም። ሦስተኛ ነገር ካለ ብታሳዩኝ ደስ ይለኛል። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ ተጠያቂው የተቀጠረው ብቻ ነው ወይስ የቀጠረውም ጭምር? ሁለተኛው እውነት ከሆነ በማይለካ ሚዛን የሰው እንጀራ መመዘን ምን ይባላል?

እኔ የመጀመሪያው በአብዛኛው እውነት እንደሆነ አምናለሁ። ምስክሩም ራሴ ነኝ። በ1998 ዓ.ም. ስቀጠር ለአንድ ቦታ ከመቶ የማናንስ ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠን በጽሑፍ ተፈተንን። ማንንም አላውቅም ነበር፤ ስሜ ሰሌዳ ላይ አንደኛ ሆኖ ሳየው አለቀስኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በዚያው ክፍል ለሚቀጠር ባለሙያ ጥያቄ አውጣ ተባልኩ። ጥያቄውን አወጣሁ። የሚቀጠረው ሰው ስም የደረሰኝ ግን ጥያቄውን ከማውጣቴ በፊት ነው። ሰማንያ ምናምን ወጣቶች ተፈተኑ፤ አንዳንዶቹ ከክፍለ ሀገር አውቶቡስ ተሳፍረው የመጡ ነበሩ። ያለፈው ሰው አስቀድሞ የታወቀው ሰው ነበር። እኔም የልጆቹን ወረቀት አረምኩ፣ ፈረምኩ፣ ዝም አልኩ።

ይህም አልበቃኝ። ቡድን መሪ በሆንኩባቸው ዓመታት በየስድስት ወሩ የአፈጻጸም ምዘና ቅጽ እሞላ ነበር። ለሁሉም የሚቀራረብ ነጥብ ሰጠሁ። ታታሪውንም፣ ከሦስት ሰዓት በፊት ገብቶ የማያውቀውንም «ከፍተኛ» አልኳቸው። ለምን? ዝቅ ብሎ የተሰጠው ሰው ቅሬታ ያቀርባል፣ ይኮራረፋል፣ «እገሌ ከበስተጀርባው ሰው አለው» ይባላል። ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጥቡን መጨመር ይቀላል። እንግዲህ ዛሬ ፈተናው አዲስ ሚዛን ሆኖ የመጣው አሮጌውን ሚዛን እኔና እኔን የመሰሉ ሰዎች ስለሰበርነው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ወንፊቱን የቀደድን ሰዎች ዛሬ ከዱቄቱ ጋር አብረን ስንነፋ የቀዳዳው ጉዳይ ግን ከነጭራሹ አልተነሳም።

ይህ የመጀመሪያችን አለመሆኑንም ወጣት አንባቢያን ይወቁልን። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ በመጣ ጊዜ ሁላችንም እንደ አዲስ ተመደብን፤ ምደባ ያጣው «ተንሳፋፊ» ተባለ። ቃሉን የፈጠረው ሰው ሠራተኛን ከውሃ ላይ ግንድ ጋር ማመሳሰሉ አላሳፈረውም። ቀጥሎ ውጤት ተኮር መጣ። ቀጥሎ የለውጥ ሠራዊት፣ አንድ ለአምስት፣ ካይዘን። ቀጥሎ የሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰን መጣና ዳግመኛ ተደለደልን። በእያንዳንዱ ጊዜ ሥልጠና ተሰጠ፣ ሰነድ ታተመ፣ ግድግዳ ላይ አዲስ ባነር ተሰቀለ። በእያንዳንዱ ጊዜ ችግሩ ሠራተኛው እንደሆነ ተነገረን። ሠራተኛው ይህን ሁሉ ጊዜ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ ማዕበሉ እስኪያልፍ አንገት ደፍቶ መጠበቅ።

እትዬን ምን እንጠይቃቸው?

ከመዝገብ ቤታችን የሚሠሩ አንዲት እናት አሉ። ሁላችንም እትዬ እያልን ነው የምንጠራቸው። ዕድሜያቸው ሃምሳ ሰባት ነው፤ ጡረታቸው በስድሳ ነውና ሦስት ዓመት ይቀራቸዋል። በዚያ የአቧራና የወረቀት ሽታ በጠገበ ክፍል ውስጥ የትኛው ማኅደር የት እንዳለ ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የጡረታ ጉዳይ ለማስጨረስ መጣች። የሟች ማኅደር ጠፋ። ወደ ኮምፒውተር ገብቷል ተባለ፤ ኮምፒውተሩም አያውቀውም። ሴትዮዋ ስምንት ወር ተመላለሰች። አንድ ቀን እትዬ ከሌላ ክፍል ዕረፍታቸው ሲመለሱ ጉዳዩን ሰሙና የሟችን ስም አጻጻፍ ጠየቁ። «በብዙኃኑ ኀ ነው የሚጻፈው? እንግዲያው ያ ልጅ በሐመሩ ሐ አስገብቶት ነው» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ። አሥር ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ማኅደሩን አቧራውን አራግፈው ሲያመጡት ሴትዮዋ ጉልበታቸውን ልትስም ወደቀች፤ እትዬ ግን «ተነሺ፣ ተነሺ፤ ሥራዬ ነው» ብለው ገፏት።

ባለፈው ሰኞ እኒህ ሴት የተባዛ ወረቀት ይዘው ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ ራዕይ ማለት የምንደርስበት ነው፣ ተልዕኮ ማለት የምንሠራው ነው ብለህ ነግረኸኝ ነበር። ዛሬ ስነሳ ተገላበጠብኝ። እስኪ አንዴ ድገምልኝ» አሉኝ። ደገምኩላቸው። በትምህርት ቤት ልጅ ወግ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ከኋላዬ አሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የወደቀ ሰው ጡረታውን ይከለከላል የሚሉት እውነት ነው እንዴ?» አሉ። እውነት አይመስለኝም። ግን «አይደለም» ብዬ በሙሉ አፌ ልነግራቸው አልቻልኩም፤ የተለጠፈው ወረቀት ስለዚህ ምንም አይልምና።

እንግዲህ ፍረዱ። ይህ ፈተና እኒህን ሴት ምን ብሎ ይለካቸዋል? በሀ፣ በሐና በኀ መካከል የጠፋን የሰው እንጀራ ፈልጎ የማግኘት ችሎታ በምርጫ ጥያቄ የት ላይ ይቀመጣል? በሌላ በኩል መዝገብ ቤት ገብቶ የማያውቅ፣ ግን «ሞጁሉን» በሁለት ሌሊት የሸመደደ ሰው ከመቶ ዘጠና ቢያመጣ ብቁ ልንለው ነው? ቻይናዎች በፈተና ሹም መምረጥ የጀመሩ ቀደምት ሕዝብ ናቸው፤ ከሺህ ዓመት በላይ ይዘውት ቆዩ። በኋለኞቹ ዘመናት ግን ፈተናው ስምንት ክፍል ያለው ድርሰት በተወሰነለት ቅርጽ ብቻ መጻፍ ሆነና አገር የሚያስተዳድር ሳይሆን ቅርጹን የሸመደደ ሰው ማውጣት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1905 ሻሩት። ፈተና መኖሩ ብቻውን ብቃት አያመጣም፤ ምን እንደሚለካ ያልታወቀ ፈተና የሽምደዳ ገበያ ነው የሚያቆመው። የእኛ ፎቶ ኮፒ ቤት ምስክር ነው።

ከወረቀቱ በላይ ያሉት

በአዲስ አበባው ፈተና አመራሮችም መቀመጣቸው እውነት ነው፤ ይህን ለማመስገን አላመነታም። ነገር ግን ከዚያም በላይ ሰገነት አለ። ከላይ የጠቀስኳቸው አዋጆች «የመንግሥት ሠራተኛ» የሚለውን ቃል ሲተረጉሙ ሚኒስትር ዴኤታና ምክትል ዋና ዳይሬክተር፣ በተመሳሳይ ደረጃ ያሉና ከዚያ በላይ የሆኑ የመንግሥት ኃላፊዎችን ከትርጉሙ ያወጡ ነበር። ተሿሚ በፖለቲካ ውሳኔ መሾሙ በየትም አገር ያለ ነው፤ እርሱን በምርጫ ጥያቄ እንፈትነው አልልም። የተሿሚ ፈታኝ ምክር ቤትና መራጭ ሕዝብ ነው። የምለው ይህን ነው፤ ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በሁለት ዓመት ሦስት ኃላፊ ሲቀያየርበት፣ እያንዳንዱም የቀደመውን ዕቅድ መሳቢያ ውስጥ ከቶ አዲስ መዋቅር ሲያስጠና፣ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ከመቶ መቶ ብታመጣ ምን ትፈይዳለች? ባለጉዳዩ «ነገ ና» የሚባለው ሁልጊዜ ሠራተኛው ስለማያውቅ ነው? ብዙ ጊዜ ሠራተኛው ያውቃል፤ የሚያስፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የፈተናው ውጤት በምን እንደሚወሰን ያላወቀ ሠራተኛ ውጤቱን በእጁ የያዘውን ሰው መፍራት ይጀምራል። «ማን ይመድበናል?» «ማን ጋ ቢባል ይሻላል?» የሚሉ ጥያቄዎች ካሁኑ ተጀምረዋል። ከወደቁት መካከል ማን ወደ ሥልጠና፣ ማን ወደ ዝቅተኛ መደብ፣ ማን ወደ ቤቱ እንደሚሄድ የሚወስነው የተጻፈ ሕግ ካልሆነ የሚወስነው ሰው ነው። ሰው ከሆነ ደግሞ ደጁ ይጠናል። ደጅ ጥናትን ለመግደል የተፈጠረው መሣሪያ፣ ተገልብጦ ሲያዝ፣ አርጅተው የተረሱ ደጅ ጠኚዎችን ከመቃብር ያስነሳል ማለት ነው።

ምን ይደረግ?

መተቸት ብቻውን አይበቃምና የምለውን ላስቀምጥ። በመጀመሪያ፣ ፈተናው ከመሰጠቱ ቢያንስ ሦስት ወር አስቀድሞ የሚጠየቅበት ዘርፍ፣ የማለፊያው ነጥብና የውጤቱ መዘዝ በጽሑፍ ይገለጽ። ሁለተኛ፣ ፈተናው በሥራ መደብ ይለይ፤ መዝገብ ቤት የምትሠራው ሴት በመዝገብ አያያዝ፣ ሒሳብ ሹሙ በሒሳብ፣ ግዢ ኦፊሰሩ በግዢ ሕግ ይፈተኑ፤ የሚሠሩትን ሲሠሩ የሚያይ የተግባር ክፍልም ይኑረው። ሦስተኛ፣ ጥያቄውን የሚያወጣውና ወረቀቱን የሚያርመው ምደባውን ከሚሠራው የተለየ አካል ይሁን፤ ተፈታኙም የታረመ ወረቀቱን የማየትና እስከ አስተዳደር ፍርድ ቤት የመድረስ መብት ይጠበቅለት። አራተኛ፣ የወደቀ ሰው አስቀድሞ ሥልጠና፣ ከዚያም ሁለተኛ ዕድል ያግኝ። አምስተኛውና ዋነኛው፣ የቅጥር ፈተና ዳግመኛ ፈተና ይሁን፤ ውጤቱ በስም ሳይሆን በቁጥር እየታረመ ከነነጥቡ በአደባባይ ይለጠፍ። በበሩ ላይ ያለው ወንፊት ካልተሰፋ ዛሬ ያጣራነው ቤት ከአምስት ዓመት በኋላ ያው ይሆናል።

ይህንኑ ባለፈው ረቡዕ በአንዲት ገጽ ጽፌ ለኃላፊዎቻችን ሊቀርብ የሚችል ደብዳቤ አዘጋጀሁ። ጥያቄው አራት ብቻ ነው፤ መቼ፣ ከምን፣ በስንት፣ ከዚያስ? ለሥራ ባልደረቦቼ አስነበብኩ። ሁሉም «እውነትህን ነው» አሉኝ። የፈረሙት ሰባት ናቸው። የቀሩት «ከፈተናው በፊት ስም ማስጠራት ደግ አይደለም» ብለው መለሱልኝ። እትዬም አልፈረሙም። እስክሪብቶውን ይዘው ቆይተው «ሦስት ዓመት ነው የቀረኝ፣ ልጄ» አሉና መለሱልኝ። አልፈረድኩባቸውም። ፈተናው ገና ጥያቄ ሳይጠይቅ መልስ አግኝቷል፤ ስንቶቻችን ዝም እንደምንል ከወዲሁ አሳይቷል።

ዛሬ ማታ ለልጄ የምመልስላት ይህን ነው። ልጄ ሆይ፣ ስቀጠር በትክክል ተፈትኜ ነበር። ከዚያ በኋላ የሌሎችን ፈተና ስናበላሽ አይቼ ዝም አልኩ፤ ራሴም እጄን አስገባሁ። አሁን የመጣብኝ ፈተና የዚያ ዝምታ ዕዳ ስላለበት እፈተናለሁ፤ አልሸሽም። ነገር ግን ከማጠናው ገጽ ጎን ደብዳቤውን አስቀምጬ ነው። ሰኞ ጠዋት ሰባቱን ፊርማ ይዤ ወደ ላይኛው ፎቅ እወጣለሁ፤ የሚባለውን እሰማለሁ።

የራዕይና የተልዕኮን ልዩነት ግን እስካሁን በትክክል ይዣለሁ።

ቸር ይግጠመን።